ውሃ የሚጠጣው ኮምፒውተር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት፤ ደጅ ድንኳን ተጥሎ እንግዳ ተቀምጧል፤ በሩ በተዘጋው ሳሎን ውስጥ ጡረተኛው የከባድ መኪና ሾፌር ጋሽ ወንዳፍራሽና ኮምፒውተር ገጣጣሚው ነስሩ ክዳኑ ከተከፈተ አዲስ ኮምፒውተር ግራና ቀኝ ቆመዋል።

ነስሩ፦ አይሆንም አልኩ እኮ ጋሼ! ይሄን የውሃ ማቀዝቀዣ መልሼ ብገጥመው ኮምፒውተሩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይሞታል።

ወንዳፍራሽ፦ አሥር ደቂቃ ይበቃኛል።

ነስሩ፦ ለምኑ ነው የሚበቃዎት?

ወንዳፍራሽ፦ ለምረቃው ነዋ! ድንኳኑን አላየኸውም? አራት መቶ ሰው ደጅ ተቀምጧል።

ነስሩ፦ እኔ የቆጠርኩት ሠላሳ ወንበር ነው። ድንኳኑም የዕድር ነው።

ወንዳፍራሽ፦ የዕድር ድንኳን ለሐዘን ብቻ ነው ያለህ ማነው? ዘንድሮ በኛ ሰፈር ሰው አልሞት አለ፤ ድንኳኑን አይጥ ሊጨርሰው ነው። ለዕድሩ ዳኛ ሄጄ፣ «በድሬዳዋ፣ ኧረ በምሥራቅ አፍሪካ፣ ውሃ የሚጠጣ የመጀመሪያው ኮምፒውተር በእኔ ቤት ይመረቃል» አልኩት። አፉን ከፍቶ ቁልፉን ሰጠኝ።

ነስሩ፦ በምሥራቅ አፍሪካ አሉት?

ወንዳፍራሽ፦ ቀንሼ ነው የነገርኩት።

ነስሩ፦ ጋሼ፣ ይስሙኝ። ጠዋት ገጥሜ አበራሁት። ሙቀቱ ዘጠና አምስት ደረሰና ራሱን በራሱ አጠፋ። ከሥሩ ያነጠፍኩት ሶፍት ደግሞ ይኸው፣ ረጥቧል። ይሄ ላብ አይደለም።

ወንዳፍራሽ፦ ዘጠና አምስት ሙቀት ሆኖ ነው? አፋር በረሃ፣ ዲቼቶ፣ የመኪናዬ ኮፈን ላይ አሥራ ሁለት እንቁላል ጠብሼ በልቻለሁ። አሥራ ሦስተኛውን ስሰብረው ጫጩት ሆኖ ሮጠ።

ነስሩ፦ ጫጩቷ አሁን ካለች ይጥሯትና እሷ ትግጠመው። እኔ ያለኝ ይሄ ነው፤ የአየር ማቀዝቀዣ። ስድስት የመዳብ ቱቦ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደረ አሉሚኒየም፣ ሁለት ፋን። በሃያ ደቂቃ ገጥሜ ላበራልዎ እችላለሁ።

ወንዳፍራሽ፦ ሸፍነው! በመስኮት ያዩታል።

ነስሩ፦ ምን አለበት ቢያዩት?

ወንዳፍራሽ፦ አቦ፣ አንተ ገንደ ቆሬ ስለምትኖር አታውቅም። ፊት ወንበር ላይ መነጽሩን ወልውሎ የተቀመጠውን አየኸው? ሻምበል በዛብህ ይባላል። ጎረቤቴ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በእሱ አፍ ስሜ ወንዳፍራሽ ሆኖ አያውቅም። «ነፋሱ» ነኝ። «ነፋሱ ገባ፣ ነፋሱ ወጣ፣ ነፋሱ ዛሬ ደግሞ ምን አለ?» እንግዲህ ዛሬ ክዳኑን ከፍቼ ውስጡ ነፋስ ሲያገኝ ምን ይላል?

ነስሩ፦ ምን ይላል?

ወንዳፍራሽ፦ ምንም አይልም። ይስቃል። ሲስቅ ደግሞ ሆዱ ነው የሚነቃነቀው፤ ድምፅ የለውም። የሚገድለኝ እሱ ነው። ጮክ ብሎ ቢስቅ እኮ መልስ አላጣለትም።

ነስሩ፦ እሺ፣ ለሻምበል ይተዉትና እንደ ሾፌር ይመልሱልኝ። የመኪናዎ ቺንጊያ ተበጥሶ ፋኑ ቢቆም፣ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ብቻውን ከጋላፊ ሚሌ ያደርስዎታል?

ወንዳፍራሽ፦ እኔን ያደርሰኛል።

ነስሩ፦ ሌላ ሾፌርንስ?

ወንዳፍራሽ፦ ...ሌላ ሾፌር ሁለት ኪሎ ሜትር አይሄድም። ይፈላበታል።

ነስሩ፦ አዩ! ውሃ ወዛደር ነው ጋሼ። ሙቀቱን ተሸክሞ ደጅ ያደርሳል እንጂ የሚያራግፈው ያው አየሩ ነው። ይሄኛው ወዛደሩን አስቀርቶ በቀጥታ ያራግፋል። የሚፈስ የለው፣ የሚዘጋ የለው። ቢበዛ አቧራ ይይዛል፣ አቧራውን በብሩሽ መጥረግ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ይሄን እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ። ሻምበል ግን አያውቅም። ለማያውቅ ሰው ውሃ ውሃ ነው፣ ነፋስም ነፋስ ነው።

ነስሩ፦ መጀመሪያም እኮ አየር ይሻላል ብዬዎት ነበር። «ውሃ ካልሆነ ቤቴ አይገባም» ያሉት እርስዎ ነዎት።

ወንዳፍራሽ፦ አሁን ይሄን የነፋስ ዕቃ ማን አምጣ አለህ?

ነስሩ፦ መክሊት።

ወንዳፍራሽ፦ ልጄ? ከጀርባዬ?

ነስሩ፦ ከጀርባዎ ሳይሆን ከመንገድዎ ዞር ብላ። «አባዬ የፈለገውን ይመርቅ፤ እኔ የምፈልገው ከቀትር በኋላ የማይጠፋብኝ ነው» አለችኝ። አሮጌው ላፕቶፗ የሦስት ፎቅ ሕንፃ ሥዕል እንደተሸከመ ስንት ጊዜ እንደጠፋባት እርስዎ ያውቃሉ።

ወንዳፍራሽ፦ ሰባት ፎቅ ነው።

ነስሩ፦ ሦስት ነው። ሥዕሉን ከላፕቶፑ አውጥቼ እዚህኛው ላይ የገለበጥኩላት እኔ ነኝ።

ወንዳፍራሽ፦ እሺ፣ ምድር ቤቱን ጨምረህ አራት በለው። ለእሷ ስል አይደል እንዴ ይሄ ሁሉ? በል አሁን ውሃውን ግጠመው። አሥር ደቂቃ ብቻ። ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ይበል፣ ሻምበል ይየው፣ እልልታ ይቅለጥ፣ ከዚያ አጥፍተህ የፈለግከውን ክተትበት።

ነስሩ፦ በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ አንዲት ጠብታ ከታች ያለው ካርድ ላይ ብታርፍ የመክሊት ሥራ አብሮ ይቃጠላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ደግሞ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።

ወንዳፍራሽ፦ የማይገባህን አትጠይቅ። ሳምቡሳ ላምጣልህ?

ነስሩ፦ እዚህ ብሎን ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። በቀደም ዕቃውን እዚህ ሳስቀምጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ማን ላጠው?

ወንዳፍራሽ፦ አርጅቶ ወድቆ ይሆናል።

ነስሩ፦ ሳምንት ያልሞላው ዕቃ?

ወንዳፍራሽ፦ በድሬ ሙቀት ምን የማያረጅ አለ? እኔን እየኝ፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው።

ነስሩ፦ ይሄን ነጭ መስመር ያዩታል? ብሎኑ ሥር ያለውን? ይሄ እናንተ ቤት የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ የሚጋገረው ነገር ነው። ኖራ። የፋብሪካ ፈሳሽ ሲደርቅ እንዲህ አያደርግም። ይሄ የቧንቧ ውሃ ነው ጋሼ። የድሬ ውሃ።

ወንዳፍራሽ፦ ሳምቡሳው በሥጋ ነው፣ ቃሪያ አለው።

ነስሩ፦ ጋሼ።

ወንዳፍራሽ፦ ወይ።

ነስሩ፦ መነጽርዎ እግር ላይ የተጠቀለለችው ጥቁር ላስቲክ ምንድን ናት?

ወንዳፍራሽ፦ የቷ? ይቺ? መነጽሬ ሲላላብኝ ነው ያሰርኳት። ጠንካራ ላስቲክ ናት። እንደሷ ያለ አሁን አይሠሩም።

ነስሩ፦ አይሠሩምማ! የብሎኑ ቀለበት እኮ ናት! ውሃው እንዳይፈስ የምትይዘው እሷ ነበረች!

ወንዳፍራሽ፦ ትርፍ መስላኝ ነው። መኪና ተፈትቶ ሲገጠም ሁሌም ትርፍ ነገር ይወጣል።

ነስሩ፦ ለምን? ለምን ከፈቱት? «ተሞልቶ የታሸገ ነው፣ ዕድሜ ልኩን አይነካም» ብዬዎት አልነበር?

ወንዳፍራሽ፦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጠዋት ዓይኔን የማሳርፈው ራዲያተር ላይ ነው ነስሩ። ፊቴን ሳልታጠብ። ውሃ ሳያይ መንገድ የሚወጣ ሾፌር ሾፌር አይደለም፣ ሬሳ ነው። ዕቃውን አምጥተህ ሄድክ። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሲነጋ አንስቼ ነቀነቅኩት፤ ውስጡ ቸብ አለ። ጎደሎ ነው ማለት ነው! ጎደሎ ውሃ ይዤ ልጄን መንገድ ላይ ላስቀራት ነው? ሙሉ ከሰዓት ታግዬ ከፈትኩት። በወጥ ቤት ቢላዋ ጫፍ። ከዚያ በጣሳ እያንጠባጠብኩ ሞላሁት፤ አፉ ድረስ።

ነስሩ፦ ቸብ የሚለው ሲሞቅ ውሃው የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ ነው። አስበው የተዉት ክፍተት ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ይሄን በዓረፍተ ነገር ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

ነስሩ፦ «አይነካም» እኮ ዓረፍተ ነገር ነው! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ። ኧረ ወላሂ፣ በወጥ ቤት ቢላዋ!

ወንዳፍራሽ፦ በል በቃ። የሆነው ሆኗል፤ አሁን መውጫውን እናብጅ። እኔ አስቤዋለሁ። ወጥተን ሕዝቡ ፊት እንቆማለን። «ወገኖቼ፣ ውሃው ከውጭ አገር በሰላም ደርሶ ነበር፤ ይሄ ልጅ ሲገጥመው በእጁ ተሰበረ» እላለሁ። አንተ አንገትህን ትደፋለህ። እኔ ደግሞ እጄን ትከሻህ ላይ አድርጌ፣ «ወጣት ነው፤ ይቅር ብዬዋለሁ» እላለሁ።

ነስሩ፦ ይቅር ይሉኛል?

ወንዳፍራሽ፦ ከልቤ።

ነስሩ፦ እርስዎ ላጠፉት እኔን ይቅር ይሉኛል!

ወንዳፍራሽ፦ ብትፈልግ አለቅሳለሁም። ሴቶቹ አብረው ያለቅሳሉ። ድንኳኑም የለመደው ለቅሶ ነው።

ነስሩ፦ ጋሼ፣ ሱቄን ከከፈትኩ ሁለት ወር ከአሥር ቀኔ ነው። ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሴትዮ ያውቋቸዋል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ናቸው፣ ወይዘሮ እቴነሽ። ሰኞ የላብራቶሪያቸውን ሃያ ኮምፒውተር ለማን እንደሚሰጡ ይወስናሉ። እርስዎ ራስዎ ነዎት «የነስሩን እጅ መጥተሽ እዪ» ብለው የጠሯቸው።

ወንዳፍራሽ፦ መቶ ኮምፒውተር ነው ያልኳት። ለክብርህ።

ነስሩ፦ አሁን «በእጁ ተሰበረ» ሲባል ከሰሙ ሃያውም መቶውም የለም። ከዚያ ማን ሰው ኮምፒውተሩን ያመጣልኛል? «የጋሽ ወንዳፍራሽን የሰበረው ልጅ» ሆኜ ነው የምቀረው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እኮ።

ወንዳፍራሽ፦ እሱን ነው የምልህ! ስም ያለው እኔ ነኝ። ያንተ ገና ለጋ ነው፣ ቢጎዳ ያገግማል። የእኔ ግን አርጅቷል፤ አንዴ ከተቀጨ አይጠገንም። ደግሞም ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ውሃ ይጠጣል ብያለሁ፣ አልጠጣም ካለ ጥፋተኛ ያስፈልጋል።

ነስሩ፦ ይክፈቱልኝ። እሄዳለሁ።

ወንዳፍራሽ፦ የት? በሩ ተቆልፏል። ጣልያን ትቶት የሄደ ቁልፍ ነው፤ ሦስት ጊዜ ነው የሚዞረው። ታንክ ቢገፋው አይከፈትም። ይኸው፣ ቁልፉ እዚህ ኪሴ ውስጥ ነው። ሲንኳኳ ስማው።

ነስሩ፦ በመስኮት እወጣለሁ።

ወንዳፍራሽ፦ በፍርግርጉ? የድመት ግልገል እዚያ ላይ ሁለት ቀን ተሰቅላ ውላለች። ያለፍክ እንደሆነም የምታርፈው ሻምበል ጭን ላይ ነው።

ነስሩ፦ እጮሃለሁ።

ወንዳፍራሽ፦ ጩህ። «ሽማግሌ በሩን ቆልፎብኝ» በል። ዕድርተኛው ሁሉ ይስማ። ትችላለህ?

ነስሩ፦ እንዴት ብዬ?

ወንዳፍራሽ፦ አየህ። ከጣልያን ቁልፍ የጠነከረ ይሉኝታ ነው። እኔም አብሬህ ነው የተቆለፍኩት፤ ምን ልሁን? ይኸው ማይኩን እየሞከሩ ነው። «አንድ፣ ሁለት» ይላሉ። ሳምቡሳው ሲያልቅ ይመጣሉ።

ነስሩ፦ ስንት ሳምቡሳ ነው ያሠሩት?

ወንዳፍራሽ፦ ሁለት ሺህ።

ነስሩ፦ ጋሼ፣ እውነቱን።

ወንዳፍራሽ፦ ስድሳ። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት።

ነስሩ፦ እንግዲህ አልቋል ማለት ነው። ...እሺ። ይሁን። እኔ ሰበርኩት።

ወንዳፍራሽ፦ ጎሽ! የሰው ልጅ! በቁልቢው ገብርኤል፣ ልጄ ብትሆን ኖሮ...

ነስሩ፦ አየሩን ልግጠም፤ እርስዎ በዚህ በኩል ብሎኗን ያቀብሉኝ። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ስወጣ ግን እንዴት እንደሰበርኩት እኔ ራሴ እናገራለሁ። እንዲያው «ተሰበረ» ቢባል ማንም አያምንም።

ወንዳፍራሽ፦ ተናገር። ጥሩ ጥሩ ቃል ጨምርበት። ይቺ ናት ብሎኗ?

ነስሩ፦ እሷ ናት። «ፋብሪካው ማንም እንዳይከፍተው በቀይ ወረቀት ያሸገውን፣ ልዩ ካቻቢቴ ካልሆነ ንቅንቅ የማይለውን፣ አዲስ አበባ ያሉ ልጆች ሞክረው ጥርሱን በልተው የተዉትን ብሎን፣ እኔ ነስረዲን በወጥ ቤት ቢላዋ ጫፍ ከፈትኩት» እላለሁ። ሁለተኛዋን ያቀብሉኝ።

ወንዳፍራሽ፦ የአዲስ አበባ ልጆች አልቻሉም?

ነስሩ፦ አንዱ ጣቱን ቆርጧል። ብሎኗን ጋሼ።

ወንዳፍራሽ፦ ቆይ፣ ቆይ። ያን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ነስሩ፦ አዎ፣ እኔና እርስዎ እናውቃለን።

ወንዳፍራሽ፦ ሕዝቡስ?

ነስሩ፦ ሕዝቡ እኔ የከፈትኩት ይመስለዋል። እርስዎማ ይቅር ባይ ነዎት። ከፋችም ይቅር ባይም መሆን አይቻልም። ፋኑን ያዝ ያድርጉልኝ።

ወንዳፍራሽ፦ በስንት ደቂቃ ከፈትኩት ልትል ነው?

ነስሩ፦ በአሥር።

ወንዳፍራሽ፦ በሦስት ነው! ምን አሥር ትላለህ? ሥራዬን ወስደህ ደግሞ ታረክሰዋለህ?

ነስሩ፦ ቅድም ሙሉ ከሰዓት ነው ብለውኝ ነበር።

ወንዳፍራሽ፦ ያ ለአንተ ነው። ለሕዝብ ሦስት ነው።

ነስሩ፦ ግን ጋሼ፣ እርስዎ «እኔ ነኝ» ቢሉስ ማን ያምንዎታል? ሻምበል «ነፋሱ ዛሬ ደግሞ የፋብሪካ ማኅተም ሰበርኩ አለ» ብሎ ሆዱን ይነቀንቃል። እኔን ግን ያምነኛል። የሠለጠነ እጅ ነዋ። ይተዉልኝ፣ ለኔ ይሻለኛል።

ወንዳፍራሽ፦ ጥፋቱን ነው የሰጠሁህ እንጂ ጀግንነቱን መቼ ሰጠሁህ? ይቺን ቀለበት እያት፣ መነጽሬ ላይ ያለችውን! ማስረጃ ናት! ምስክር አለኝ!

ነስሩ፦ ቀለበቷ መክፈትዎን ብቻ አይደለም የምትመሰክረው። ማፍሰስዎንም ትመሰክራለች። አንዱን ወስደው ሌላውን መተው አይቻልም። በቃ፣ ተገጥሟል። ሊበራ ነው። ይኸው። ይስሙት።

ወንዳፍራሽ፦ ምንም አይሰማም።

ነስሩ፦ መልካም ፋን አይጮህም። ሙቀቱን ይዩ፤ አርባ አራት። በድሬ፣ በአሥር ሰዓት፣ ያለ አንዲት ጠብታ ውሃ። ውሃ ያለው ሁሉ ሊያቀዘቅዝ ይችላል ጋሼ። ይሄንን ግን በረሃ የነዳ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወንዳፍራሽ፦ አርባ አራት። ያቺ ሚስኪን ልጄ ከቀትር በኋላ ትሠራለች ማለት ነው።

ነስሩ፦ ሰባት ፎቅም ብትሠራ አይጠፋባትም።

ወንዳፍራሽ፦ ነስሩ፣ ብልጥ ነህ አንተ። ቁልቁለት ላይ ያለ ሞተር ነዳኸኝ። ሳላውቅ መስሎህ ነው?

ነስሩ፦ አወቁ?

ወንዳፍራሽ፦ ጣቱን የቆረጠው ጋ ስትደርስ ገባኝ። ውሸት ሲነገር እኔ ሳልነቃ ማን ይነቃል? ግን ጥሩ ውሸት ነበር፤ ማቋረጥ ነውር ነው። ና፣ እንውጣ።

ነስሩ፦ ቁልፉን ያዙሩት እንግዲህ። ሦስት ጊዜ።

ወንዳፍራሽ፦ ገፋ አድርገው።

ነስሩ፦ እንዴ! ...ክፍት ነው? ይሄ ሁሉ ጊዜ ክፍት ነበር?

ወንዳፍራሽ፦ የዚህ በር ቁልፍ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

ነስሩ፦ ኪስዎ ውስጥ የሚንኳኳውስ?

ወንዳፍራሽ፦ የመኪናዬ ነው። የሸጥኳት መኪና። የገዛት ሰውዬ ሌላ ቁልፍ አስቀረጸ፤ ይሄንን «ለመታሰቢያ ያዘው» አለኝ። ኪሴ ባዶ ሲሆን ያስፈራኛል ነስሩ። ሻምበል ያለው እውነት ይመስለኛል፤ ነፋስ የሚወስደኝ ይመስለኛል።

ነስሩ፦ ጋሼ... ካልፈለጉ እኮ ምንም ሳንል፣ ኮምፒውተሩን ብቻ አሳይተን...

ወንዳፍራሽ፦ ወዲያ በል፣ ከኋላዬ ሁን። ማይኩን ስጡኝ! ወገኖቼ! ይሄ ኮምፒውተር ውሃ አይጠጣም! ውሃ የሚጠጣውን የውጭ ዕቃ በወጥ ቤት ቢላዋ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኝ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፤ ያዳነው ይሄ ልጅ ነው! ወይዘሮ እቴነሽ፣ ኮምፒውተሮችሽ ሃያ ናቸው፣ ሃያውንም ለእሱ ስጪው! ሻምበል፣ አንተም በል ሳቅ፤ ግን ዛሬ ድምፅ አውጥተህ!